እንዴት አደርሽ? ስለ ዮጋ፣ ስለ እስትንፋስ እና ማህፀናቸውን ስለታመሙ እናቶች

የተከበራችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ አብራችኋቸው የመጣችሁ ወንድሞቼም፤ እንደምን ዋላችሁ?

ሰማችሁ? ገሚሶቻችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ፤ ገሚሶቻችሁ «አልሐምዱሊላህ»። ለማሰብ ፋታ የወሰደ አንድም ሰው የለም። አመሉ ጥሩ ነው፤ ምስጋና መቼም አይጠላም። እኔ ግን ዛሬ ነገሬን የምጀምረው ከዚሁ ሰላምታ ነው።

የእኛ ሰው ጠዋት ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደርሽ?» ይላል። ረጋ ብለን ብናየው ከባድ ጥያቄ ነው። ጨለማውን እንዴት ተሻገርሽው? ሕመሙ አስተኛሽ? ሐሳቡስ ፋታ ሰጠሽ? ማለት ነው። መልሱ ግን ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ያደረ ነው። ሌሊቱን ለጥ ብላ የተኛችውም፣ ጣራ ስትቆጥር ያነጋችውም እኩል «ደኅና፣ ይመስገን» ይላሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ሳትተኛ አድራ «ደኅና» ስለምትለዋ ሴት ነው። ማህፀኗ ላይ፣ የማህፀኗ በር ላይ፣ ወይም ሐኪሞች ኦቫሪ በሚሉት እንቁልጢዋ ላይ ካንሰር ስለተገኘባት እናት። ስለ ዮጋም እነግራችኋለሁ። እግሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ፎቶ የምትነሳዋን ቀጭን ወጣት ግን ለዛሬ እርሷት፤ የምናወራው እሷ ስለምትሠራው ዮጋ አይደለም።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሴቶችን የሚይዘው የማህፀን በር ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ7,400 በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ ከ5,300 በላይ ሞተዋል። የሟቾቹን ቁጥር ለቀን ስናካፍለው በየዕለቱ ከ14 በላይ እናት ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑ ነው። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰጣል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ደግሞ በአቸቶ የሚደረገውን ቅድመ ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ጨርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ይህን ብቻ ሰምታችሁ ብትወጡም ጊዜያችሁ አልባከነም።

እኔ የመጣሁት ግን ክትባቱም ምርመራውም ላመለጣቸው ነው። አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ዕድሜዋ 45 ነው። ከጎጃም ትምጣ ከባሌ፣ እንደፈለጋችሁ አድርጓት። ደም ሲፈሳት «የዕድሜ ነው» ብላ ዓመት ቆየች። ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ሪፈራል፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረርን የመሰሉ ከተሞች የጨረር ማሽን ያገኙት በቅርብ ዓመታት ነው። ስለዚህ ወረፋ አለ፤ ወረፋው እስኪደርስ ደግሞ ማደሪያ ያስፈልጋል። እንደ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ከክፍለ አገር የሚመጡትን ለመደገፍ ይጥራሉ። ያቺ እናት ግን ያረፈችው የእህቷ ልጅ ዘንድ ነው፤ አንድ ክፍል ቤት፣ ፍራሽ መሬት ላይ።

ሕክምናው ሲጀመር በሳምንት አምስት ቀን ጨረር፣ በሳምንት አንዴ ኬሞ የሚባለው መድኃኒት ይሆናል፤ ይህም አምስት ሳምንት ያህል ይዘልቃል። ከዚያ በውስጥ በኩል የሚሰጠው ጨረር ይከተላል። ጨረሩ ዕጢውን ሲመታ ጎረቤቶቹን ፊኛንና አንጀትንም ይነካቸዋል። እናም ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ትነሳለች። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው፤ ከግቢው ጥግ ነው፤ በሩ ሲከፈት ይጮኻል። ውሻው ይነሳል። የእህቷ ልጅ ባል ነገ ሥራ ገቢ ነው። ስለዚህ ይዛ ትቆያለች፤ እየቆጠበች ትነሳለች፤ ስትመለስ እንቅልፉ የለም። በዚያ ላይ የሚፈሳት ፈሳሽ ሽታ አለው፤ «ይሸታቸው ይሆን?» እያለች ጋቢዋን ወደ ላይ ትስባለች። ጠዋት ልጅቷ ቡና እያቀረበች «አክስቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ስትላት ምን ትመልስላት? «ደኅና፣ ይመስገን።»

አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ ሥራ ያከብድባታል። እኛ ስሜታችንን የምናኖረው ሆዳችን ውስጥ ነው። ስናዝን «ሆድ ባሰኝ» እንላለን። ናፍቆት ሲይዘን «ሆዴን ባር ባር አለው» እንላለን። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» እንለዋለን። ምስጢር ሲሆን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው»። አሁን በሽታው የገባው እዚያው ሆድ ውስጥ ነው። ዕጢው፣ ፍርሃቱ፣ እፍረቱ፣ የልጆቿ ነገር፣ ሁሉም አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። «ሆድ ይፍጀው» ስትል ግን የሚፈጀው ምስጢሩ አይደለም፤ ሆዷ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

እፍረቱ ከየት መጣ? የማህፀን በር ካንሰር መነሻው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ይህን ያገኘው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውዘን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ሰፈር የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል፤ «ምን ሠርታ ነው?» ይላል። መልሱን ከዚህ ይዛችሁልኝ ሂዱ። ይህ ቫይረስ በጣም የተለመደ ነው። ግንኙነት ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ይቆይና ዓመታት ወስዶ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች አደጋው ስድስት እጥፍ ያህል ይከብድባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ በአንድ ገላ ሁለት ሐሜት ይሸከማሉ። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ባሏን ብቻ የምታውቅ ሴትም ትታመማለች። በሽታው የጠባይ ምስክር ወረቀት አይደለም።

ቀጥሎ የምናገረው ለእኔ የዚህ ዲስኩር እምብርት ነው። ይህች ሴት ከታመመች ጀምሮ ገላዋ የእሷ መሆኑ ቀርቷል። ለባሏ እንኳ በብርሃን ያላሳየችውን ስፍራ ስንት ሰው አየው? የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የወረዳው ሐኪም፣ የሪፈራሉ ሐኪም፣ ከኋላው የሚማሩት ተማሪዎች፣ የጨረር ባለሙያው። «ልብስሽን አውልቂ፣ እግርሽን ክፈቺ፣ ጠጋ በይ፣ አትንቀሳቀሺ።» ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ ሊያድኗት ነው። ቢሆንም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣ እንደሆነ፣ ወልዳ ያልጨረሰች ወጣት ብትሆን ሐዘኑን እናንተ ታውቁታላችሁ። እንቁልጢዎቿ ከወጡ ደግሞ ሌላው ሴት በዓመታት የሚደርስበት ማረጥ በአንድ ቀን ይመጣባታል፤ ሙቀቱ፣ ላቡ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ አንድ ላይ። ጨረሩ ብልቷን ያጠብበዋል፣ ያደርቀዋል። ባል ዝም ይላል፤ እሷም ትሸሸዋለች። ታዲያ ያ ገላ የማን ነው? የበሽታው ነው፤ የሆስፒታሉ ነው፤ የፋይሉ ነው። የእሷ አይመስላትም። ቀስ በቀስም ገላዋን መጥላት፣ ከገላዋ መራቅ ትጀምራለች።

ዮጋ ዕጢ አያሟሽሽም። ይህን መጀመሪያ ነው የምናገረው፣ በኋላ አልደብቀውም። ዮጋ የሚያደርገው በቀን ሃያ ደቂቃ ያንን ገላ ለባለቤቱ መመለስ ነው። ማንም አይነካትም። ማንም ክፈቺ፣ ዝጊ አይላትም። እጇን ስታነሳ ራሷ ስለፈለገች ነው፤ ስታሳርፍም እንዲሁ። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷ ላይ የሚያርፈው እጅ የራሷ እጅ ነው።

እስቲ አሁኑኑ እንሞክረው። አትነሱ፣ እንደተቀመጣችሁ ሁኑ። የፈለገ ዓይኑን ይጨፍን፣ ያልፈለገ አይጨፍን። አንድ እጃችሁን ከእምብርታችሁ በላይ ሆዳችሁ ላይ አሳርፉ። በአፍንጫችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሆዳችሁ እጃችሁን ገፋ ያደርገዋል። አሁን ቀስ አድርጋችሁ አውጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ደግሞ አንዴ። ደግሞ አንዴ።

እናመሰግናለን። ምን ሆነ? ሰው በዕረፍት ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በአሁኑ አቆጣጠር ግን የምትተነፍሱት ስድስት ጊዜ ያህል ነው። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ የእጃችሁን ሥር ዳብሳችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። ከአንጎል ተነስቶ በደረት አልፎ እስከ ሆድ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ረጅም ነርቭ አለ። ረዘም ያለ ትንፋሽ ይህን ነርቭ ያነቃዋል፤ እሱም ልብን «ረጋ በል»፣ አንጀትን «ሥራህን ቀጥል» ይላል። የልባችንን ምት፣ የደማችንን ግፊት፣ የአንጀታችንን እንቅስቃሴ በፈቃዳችን አናዝዝም። ትንፋሽ ግን ልዩ ነው፤ ተኝተንም በራሱ ይሄዳል፣ ስንፈልግም እንይዘዋለን። ወደዚያ ወደተዘጋው ቤት የሚያስገባው መግቢያ እሱ ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። «እስትንፋስ» እና «ነፍስ» ከአንድ የግእዝ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። አባቶቻችን ትንፋሽና ነፍስን በአንድ ሥር ሲጠሩ ህንድ ድረስ መሄድ አላስፈለጋቸውም። የጨነቀው ሰው ችግሩ ሲቀልለት «ተነፈስኩ» ይላል፤ የሆዱን ላጫወተው ሰው ደግሞ «ተንፍሼ መጣሁ» ይላል። ቋንቋችን የሳንባውን መተንፈስና የልቡን መተንፈስ አልለያቸውም።

ጥቂት ስለ አመጣጡ። ዮጋ የህንድ ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ አሰናድቶ ያቆየው ፓታንጃሊ የሚባል ሊቅ እንደሆነ ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ጁን 21ን የዮጋ ቀን ብሎ ሰየመ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን ጉባኤው የተቀመጠው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በዚያው ጉባኤ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም አብሮ ተመዝግቧል። የህንዱ ዮጋና የእኛው ገዳ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ መዝገብ የሰፈሩ ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ይሄ የሌላ እምነት አይደለም ወይ?» እያላችሁ ነው። ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ በፌዝ አላልፈውም። ዮጋ በተወለደበት አገር ከእምነት ጋር ተሳስሮ ኖሯል። በየሆስፒታሉ ለካንሰር ታማሚዎች የሚሰጠው ግን ትንፋሽ፣ ማፍታታትና ዕረፍት ነው፤ የማንንም ስም መጥራት ግዴታው አይደለም። ደግሞ ገላን ለመንፈስ ማሠራት ለእኛ አዲስ አይደለም። በዐቢይ ጾም የሚሰግድ ምእመን ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ግንባሩን ያዛል። ሶላት የሚሰግድ ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል። «ዮጋ» የሚለው ስም ሕሊናዋን የሚከብዳት እናት ካለች ስሙን ትተወው፤ «ትንፋሽና ማፍታታት» ትበለው። ትንፋሹን በጸሎቷ ልትቆጥረውም ትችላለች። እምነቷን ጥላ የምትመጣ ሴት እንድትኖር አንፈልግም።

ወደ ጥናቱ ልሂድ፤ «ደስ ይላል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 ለወጣ ጥናት በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 51 ሴቶችን ሰበሰቡ። ሠላሳ ሰባቱ የኦቫሪ፣ አሥራ አራቱ የጡት ካንሰር የያዛቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ሕክምና ላይ ናቸው። በሳምንት አንዴ፣ ለ75 ደቂቃ፣ አሥር ጊዜ ተገናኙ። የሠሩት ዮጋ የሚያልብ አልነበረም፤ በትራስና በብርድ ልብስ ተደግፈው የሚያርፉበት ነው። ሲጨርሱ ድብርታቸውና ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ የኑሮ ስሜታቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የሚነጻጸር ሌላ ቡድንም አልነበረውም። ስለዚህ «በር ከፈተ» እንላለን እንጂ «አረጋገጠ» አንልም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ የእኛን ሰላምታ የሚጠይቅ ነው፤ እንቅልፍን። ሕክምናቸውን ጨርሰው እንቅልፍ ያጡ 410 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሱ የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ፤ ገሚሱ በዚያ ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት ዮጋ ሠራ። ዮጋ የሠሩት የተሻለ ተኙ፤ የእንቅልፍ ኪኒን መውሰዳቸውም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በሂዩስተን ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ለጡት ካንሰር ጨረር በሚወስዱ 163 ሴቶች ላይ ዮጋን ከተራ ማፍታታትና ተራ ከሚጠብቅ ቡድን ጋር አነጻጸሩ። ድካም በዮጋውም በማፍታታቱም ቡድን ቀነሰ። ኮርቲሶል የሚባለው የውጥረት ሆርሞን በቀን ውስጥ በተሻለ የወረደው፣ የሰውነት አቅም ይበልጥ የተሻሻለው ግን ዮጋ በሠሩት ላይ ነው።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ጥናቶች የብዙዎቹ ተሳታፊዎች የጡት ካንሰር ታማሚዎች ናቸው። ማህፀናቸውን የታመሙ ሴቶች በጥናትም ውስጥ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከሙያ አጋሮቹ ጋር ባወጣው መመሪያ ውስጥ ለካንሰር ታማሚዎች ጭንቀትና ድብርት ከሚረዱት መንገዶች መካከል ዮጋ ተጠቅሷል። ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን፣ በሕክምናው ፋንታ ግን አይደለም።

አሁን ሥራውን ልንገራችሁ፤ ምንም ዕቃ አይገዛም። አንድ ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ ሁለት ትራስ፣ አንድ ጋቢ ይበቃል።

መጀመሪያ ቅድም የሠራነው ትንፋሽ ነው፤ አምስት ደቂቃ። ቀጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትከሻን ማንከባለል፣ አንገትን ግራና ቀኝ ማዘንበል። ከዚያ ድመት ከእንቅልፏ ስትነሳ ጀርባዋን እንደምትወጥረው፣ ሲወጣ ትንፋሽ ጀርባን ማጉበጥ፣ ሲገባ ትንፋሽ ደረትን መክፈት። ሕመም ያለባት ሴት ሳታውቀው ሆዷን ጠብቃ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ታፋዋን ገጥማ ነው የምትውለው። የዳሌ ወለል ጡንቻዎቿም እንዲሁ ተጨብጠው ይውላሉ። የተጨበጠ ጡንቻ ደግሞ ምርመራውን ያሳምማል፣ ሽንቱን ያስቸግራል፣ ከባሏ ጋር መገናኘቱንም ያስፈራታል። ትንፋሽ ወደ ታች ሲወርድ የዳሌው ወለልም ይላላል። ይህን የተለማመደች ሴት የምርመራ አልጋ ላይ ስትወጣ ይዛው ትወጣለች፤ «አሁን በረጅሙ ተንፍሺ» ብላ ራሷን ታዛለች።

ከዚያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ባቱን ወንበር ላይ ማሳረፍ፤ ወገብን ያሳርፋል። መጨረሻው ጋቢ ለብሶ፣ ጉልበት ሥር ትራስ አድርጎ ዝም ብሎ መተኛት ነው። ይህ አተኛኘት በሳንስክሪት ሻቫሳና ይባላል፤ ትርጉሙ የሬሳ አተኛኘት ማለት ነው። አደራችሁን፣ ይህን ትርጉም ለታመመች እናት እንዳትነግሯት! «ዕረፍት» በሉት፤ እሱ ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁን ደግሞ ስሙ። በቀዶ ሕክምና ላይ ያለፈች ሴት ሐኪሟ ሳይፈቅድላት ሆድን የሚያስጨንቅ፣ የሚጠመዝዝ ነገር አትሥራ፤ ለሳምንታት ትንፋሹ ብቻ ይበቃታል። ካንሰሩ አጥንት የደረሰባት ወገቧን አትጠምዝዝ፣ አታጎንብስ። ኬሞ እግሯን ያደነዘዛት ግድግዳ ወይም ወንበር ሳትይዝ አትቁም፤ ትወድቃለች። እግሯ ያበጠባት በጣም በሞቀ ክፍል አትሥራ፤ እብጠቱ አዲስ ከሆነ፣ በአንድ እግር ከሆነና ካመማት ግን ምንጣፉን ትተው ሐኪም ያሳዩዋት፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና። ደም ከበዛባት፣ ትኩሳት ካላት የዚያን ቀን አትሥራ፤ እሷም ወደ ሐኪም ትሂድ። ሌላው ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ካመመ ይቁም።

የአስተማሪዋ ጠባይ ግን ከሁሉ ይበልጣል። የሰው ገላ ያለ ፈቃድ መንካት የለባትም፤ «ላስተካክልሽ» ብላ እንኳ ቢሆን። «እግርሽን ክፈቺ» አትበል፤ ያቺ ሴት ይህን ቃል ጠግባዋለች። «ከተመቸሽ»፣ «ከፈለግሽ»፣ «ካልፈለግሽ ተዪው» ትበል። ለሌላው ሰው ይህ የትሕትና አነጋገር ነው፤ ለዚህች ሴት ግን መድኃኒቱ ራሱ ነው። «አይ፣ ይህን አልሠራም» ብላ ዝም ብላ የተቀመጠች ቀን ትምህርቱ ገባት ማለት ነው። ገላዋ የእሷ ሆነ።

ደግሞ ብቻዋን ባትሠራው ይመረጣል። አምስት ስድስት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ክብ ሲቀመጡ፣ ሲጨርሱ ማን ተነስቶ ይሄዳል? ቡና ይፈላል። አንዷ «እኔ ሌሊት ሽንቴ አያስተኛኝም» ትላለች፤ ሌላዋ «አንቺም?» ትላለች። በዚያች «አንቺም?» ውስጥ ስንት ወር የታሰረ ትንፋሽ ይወጣል። ሽታውን ፈርታ ከማኅበሯ፣ ከእድሯ፣ ከቡና የቀረች ሴት፣ ሽታ የማያሳፍርበት ማኅበር አገኘች።

አሁን ልጠንቀቅና አንድ ነገር ልናገር። ሕክምናዋን ትታ ዮጋ ብቻ የያዘች ሴት ራሷን እየጎዳች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ መዳን በሚችል ደረጃ ላይ ሳሉ የታወቀውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ የካንሰር ታማሚዎች የመሞት አደጋቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጠበሉም፣ ጸሎቱም፣ ትንፋሹም ከጨረሩና ከኬሞው ጋር ይሂዱ፤ ማንም ማንንም አያባርርም። ድብርቱ የጸናባት፣ ምግብ የተወች፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የምትል እናት ካለች ደግሞ ምንጣፍ አትዘርጉላት፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይዛችኋት ሂዱ። የሕመም ማስታገሻ ሳትወስድ «በትንፋሽ ቻይው» የሚላትም ሰው አይቅረባት። ሕመም በሞርፊን ይታገሳል፤ ያ ሲታገስ ነው ትንፋሹ ቦታ የሚያገኘው።

ላጠቃልል። የሆስፒታል ኃላፊዎች እዚህ ካላችሁ፣ የምለምናችሁ ማሽን አይደለም። ሴቶቹ ወረፋ የሚጠብቁበት ሰዓት አለ፤ ከዚያ ውስጥ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ንጹሕ ክፍል፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ አንዲት የሠለጠነች ነርስ። ነርሶች፣ ከምርመራ በፊት «ልጀምር?» በሉና መልሱን ጠብቁ። ባሎች፣ ምንጣፉን አንጥፉላት፤ ሌሊት ስትነሳ ባትሪውን ያዙላት። ያ ቤታችሁ ውስጥ ከምትናገሩት ቃል ሁሉ ይበልጣል።

እናንተ እናቶቼ፣ ታማሚዎቹ፤ ከእናንተ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ዛሬ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ፤ በአራት አስገቡ፣ በስድስት አውጡ። እንቅልፍ ባይመጣ እንኳ ያ ሌሊት የእናንተ ሌሊት ይሆናል።

ሌሎቻችን ሁላችንም ደግሞ፣ ነገ ጠዋት እንዲህ ያለች እናት ስናገኝ «እንዴት አደርሽ?» እንበላት፤ እናቶቻችን ከሆኑ «እንዴት አደሩ?» «ደኅና፣ ይመስገን» ትለናለች። ያኔ እንዳንሄድ። አጠገቧ ቁጭ እንበልና እንደገና እንጠይቃት፤ «አይ፣ የምር፤ ሌሊቱን እንዴት አደርሽ?»

ሁለተኛውን መልስ ሰምታችሁ ሂዱ።